ከቀኝ ትከሻዋ በታች

አኮርዲዮኑን ይዞ መምጣቱ ሞኝነት እንደነበር የገባው በሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍ የቆሙትን የመምህርቷን አባት ሲያይ ነው።

«የትምህርት ቤቱን አኮርዲዮን ለመምህርቷ ላደርስ መጥቼ ነው» ሊል አስቦ ነበር። መንገዱን ሁሉ ይህችን ንግግር ለራሱ ሲደጋግማት ነው የመጣው። አሁን ግን ሲያስበው፣ ክፍል ውስጥ በተማሪዎቿ ፊት ደም አስሏት ሆስፒታል የገባችን ሴት አኮርዲዮን ይዞ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሳጥኑ እጁ ላይ ከበደው። ሹልክ ብሎ እንዳይመለስ ደግሞ አክስቷ አይታዋለች።

«ያ የሙዚቃ ዕቃ ጠጋኙ አይደል?» አለች። ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «ምን ሊሠራ መጣ? በሽተኛ ሊያስጨፍር ነው?»

አባቷ፣ ዳኛው፣ ዞር ብለው አዩት። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚያውቃቸው ሰው ግን ዛሬም «ዳኛው» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም ሰው የሚመለከቱት ዛሬም ክስ እንደሚያዳምጥ ሰው ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ምን ፈለግህ?»

«የትምህርት ቤቱ አኮርዲዮን... ተጠግኖ ስላለቀ...»

«ዛሬ አታስተምርም» አሉ ዳኛው ቃላቸውን መጥነው። «ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስጠው።»

መሄድ ነበረበት። ነገር ግን የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር መምህርቷን አያት። በሁለት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ከትራሱ ልብስ ይበልጥ ነጥቷል። እሷም አየችው። ዓይኖቿ «ሂድ» አሉት፤ ወዲያው ደግሞ «አትሂድ» አሉት። ጠጋኙ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ከስምንት ወር በፊት ይህንኑ አኮርዲዮን ተሸክማ ወደ ሱቁ የመጣችው እሷ ነበረች። ሱቁ ከጫማ አዳሽ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ክላሪኔት፣ ሳክስፎን፣ አኮርዲዮን፣ በአየር የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ እዚያ ይጠገናል። ሙዚቀኞች ጠጋኙን «ጆሮ» ብለው ይጠሩታል። ዕቃውን ከመፍታቱ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥና የተበላሸበትን ቦታ በጣቱ ይነካል፤ ሲፈታም ብልሽቱ እዚያው ይገኛል።

«አንዳንዴ የሚያስነጥሰው ይመስለኛል» አለችው ያን ዕለት።

«ወናፉን ክፈቺ እስኪ። ቀስ ብለሽ። አሁን ዝጊው።» ጆሮውን አስጠግቶ ሦስት ጊዜ አዳመጠ። «እዚህ ጋ።»

ሲፈታው ከአንዲት ቀጭን የብረት ምላስ ሥር የከረሜላ ወረቀት ተቀርቅሮ ተገኘ። የተማሪ ሥራ ነው።

«እንዴት አወቅህ?»

«ወናፉ አርጅቶ ቢሆን ሁሉም ቦታ ያቃስት ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ሲያፏጭ ግን የተቀረቀረ ነገር አለ።»

ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤቱ አኮርዲዮን በየሁለት ሳምንቱ ይበላሽ ጀመር።

እጁ ማጣበቂያ ለሚሸት፣ ከሱቅ ጀርባ ለሚኖር ሰው ዳኛው ልጃቸውን እንደማይሰጡ ሁለቱም ያውቁታል። ስለዚህ ፍቅራቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖር ነበር። ጎኗ ላይ ያለውን ረጅም የቀዶ ጥገና ጠባሳ ያየውም እዚያ ነው። «ጠጠር ነበረብኝ፤ አንዱን ኩላሊቴን ይዞብኝ ሄደ» ብላዋለች።

ሳሉ የጀመራት አምስት ወር ሆኖታል። አስም ነው ተብሎ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጣት። ከሁለት ወር በፊት በአንዱ ቅዳሜ ጀርባዋን ሰጥታው ተኝታ ሳለ ጆሮውን አስጠጋ፤ ልቧን ሊሰማ ፈልጎ ነበር። የሰማው ሌላ ነገር ነው።

«ተንፍሺ እስኪ።»

«ምነው?»

«ዝም ብለሽ ተንፍሺ። በረጅሙ።»

«አሁን ደግሞ እኔን ልትፈታኝ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ሳል ሆነ።

በግራ በኩል ምንም የለም፤ ንጹሕ ነፋስ ነው። በቀኝ፣ ከትከሻዋ አጥንት በታች ሁለት ጣት ያህል ወረድ ብሎ፣ አንድ ቀጭን ፉጨት አለ። ደጋግሞ አዳመጠ። ቦታውን አይለቅም።

«ለሐኪምሽ ንገሪው። ቀኝ ብቻ ነው በይው።»

«ማን ሰማው ቢለኝ ምን ልበል? የገዛ ጀርባዬን በገዛ ጆሮዬ ልበለው?» ቀና ብላ አየችው። «አባዬ እኮ ሁልጊዜ አብሮኝ ነው ሐኪም ቤት የሚገባው። ደግሞ እነሱ ማዳመጫ አላቸው፤ አንተ ምን አለህ?»

ሁለቱም ሳቁ። ጠጋኙ ነገሩን ዳግመኛ አላነሳውም። እውነቱን ለመናገር እፎይ ብሎ ነበር፤ ነገሩ ከተነሳ ቅዳሜ ያበቃል። ከዚያ በኋላ በመጡት ቅዳሜዎች ሁሉ ፉጨቱን ሰምቶ ዝም አለ። ይኸው አሁን ደም አሳላት።

ከክፍሉ የወጣችው ዶክተር ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወደ ዳኛው መጣች።

«በቀኝ በኩል ከታች አየር አይገባም። ምንም ድምፅ የለም» አለች። «ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ አስም ያለበት ሰው የደረቀ አክታ የአየር ቧንቧውን ይደፍንበታል፤ እንደዚያ ከሆነ መድኃኒት ሰጥተን ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቃለን። ቧንቧው ውስጥ የበቀለ ነገር ካለ ግን አንጠብቅም። ዛሬውኑ በቱቦ ገብተን ማየት አለብን። ደም እየወጣት ስለሆነ ቱቦው ራሱ አደጋ አለው፤ በግምት አልገባበትም።»

«አስም ነው ሲሉን ነው የከረሙት» አሉ ዳኛው።

«ካርዷ ላይ ‹ፉጨት አለ› ይላል፤ የት እንደሆነ ግን የጻፈ የለም። ፉጨቱ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለ ሐኪም ነበር?»

«አላስታውስም።»

«ሌላ ከባድ በሽታ ነበረባት? ጎኗ ላይ ጠባሳ አይቻለሁ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና በመሐረብ ጠረጉ። «ከአራት ዓመት በፊት ነው። ጠጠር አንድ ኩላሊቷን አበላሽቶባት ወጣላት። ሌላ የለም።»

«እንግዲህ» አለች ዶክተሯ ሰዓቷን እያየች፣ «የሚያስቸኩል ነገር ከሌለን ብንጠብቅ...»

«እኔ ሰምቼዋለሁ።»

ጠጋኙ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። ሦስቱም ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ምኑን ሰማህ?» አለች አክስቷ።

«ሐኪም ነህ?» አለች ዶክተሯ።

«አይደለሁም። የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ።»

«እሰይ!» አለች አክስቷ እጇን አጨብጭባ። «መሰንቆ ሠሪም እንጥራና ጉባኤው ይሙላ!»

ዶክተሯ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት። «ፉጨት ነው የሰማኸው? የት ላይ?»

«ከቀኝ ትከሻዋ አጥንት በታች። ሁለት ጣት ወረድ ብሎ። በግራ ምንም የለም።»

«አንድ ቀን ነው?»

«ሁለት ወር ሙሉ። ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም።»

«በልብስ ላይ ነው ያዳመጥኸው ወይስ በገላዋ ላይ?» ፊቱ ሲለዋወጥ አይታ ጨመረች፤ «ልብስ ሲፋተግ ድምፅ ያሳስታል፤ ለዚያ ነው የምጠይቅህ።»

ጠጋኙ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። የዳኛው ዓይን ጉንጩ ላይ ይሰማዋል። ክፍት በሆነው በር በኩል፣ መምህርቷ ትራሱ ላይ ትንፋሿን ይዛ እንደምታዳምጥ ያውቃል።

«በገላዋ ላይ» አለ።



«ስንት ጊዜ?» አለች ዶክተሯ።

«ስምንት ቅዳሜ።»

ቅዳሜ ማለት አልነበረበትም። ዳኛው፣ ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቿን ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት መዝሙር ታለማምዳለች ብለው የሚያምኑት ዳኛው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ክፍሉን አዘጋጁ» አለች ዶክተሯ ክፍሉ ውስጥ ላለችው ነርስ። «አክታ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቦታ አይቆይም። አሁን እንገባለን።» ፈጥና ሄደች።

«ከፊቴ ጥፋ» አሉ ዳኛው። ጮክ ብለው አልነበረም፤ ቢጮሁ ይሻለው ነበር።

ሳጥኑን አንስቶ ደረጃው ጋ ሲደርስ ነርሷ ከኋላው ሮጣ ደረሰችና የታጠፈች ወረቀት ሰጠችው። ከመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ የተጻፈች ናት። ፊደሏን ያውቀዋል፤ ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፈው ክብ ክብ ነው።

«እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልብሴን አወለቅህብኝ። ሁለተኛ እንዳላይህ።»

ደረጃው መሐል ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ይበልጥ ያሳፈረው ዛሬ መናገሩ አልነበረም። ዛሬ ለመናገር የቻለ ሰው ያኔ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለቱ ነው።

ለአምስት ቀን አንድ ዕቃ አልጠገነም። ሙዚቀኞች እየመጡ «ጆሮ፣ ምን ነካህ? ጆሮህ ሄደ እንዴ?» ይሉታል፤ «ነገ» ይላቸዋል። ሆስፒታል ደውሎ «ዘመድ ነህ?» ሲባል ስልኩን ዘጋው።

በስድስተኛው ቀን ዳኛው መጡ። የሱቁ በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ገቡ። ያለችው አንዲት ወንበር ናት፤ ጎትቶ አቀረበላቸው። ለመቀመጥ ዞር ሲሉ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን አረንጓዴ የአንገት ልብስ አዩ። የልጁን ልብስ የማያውቅ አባት የለም። ጠጋኙ አንገቱን ደፋ።

ዳኛው ግን የአንገት ልብሱን አልፈው ተቀመጡ።

«ገብተው አዩ» አሉ። «የአተር ፍሬ የሚያህል ሥጋ ቧንቧው ውስጥ በቅሏል። ብዙ ደማ። ግን ግማሹን ቆርጠው አውጥተውታል፤ አየር ገባላት።»

«ተመስገን...»

«ቆይ። አልጨረስኩም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ካንሰር ነው። ዶክተሯ ግን ሳንባዋ ላይ የተነሳ አይደለም ነው የምትለው። ከሌላ ቦታ በደም ተጉዞ የመጣ ነው። ናሙናው የኩላሊት ይመስላል፤ የድሮውን የቀዶ ጥገና ወረቀት አምጡልኝ አለች። ጠፋ አልኳት።»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ወረቀት አወጡ። በእጥፋቶቹ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

«አልጠፋም። አራት ዓመት ሙሉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ጠጠር አልነበረም።»

ጠጋኙ የያዘውን ብሎን መፍቻ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሞተች ዓመት አልሞላም። ካንሰር ብላት ትሰበርብኛለች አልኩ። ደግሞም... ልዋሽህ አልፈልግም፣ ሰው ቢሰማ ማን ያገባታል አልኩ። ጠጠር ነው አልኳት። ለእህቴም ጠጠር አልኳት። ሐኪሙ በየስድስት ወሩ ትመርመር ብሎ ነበር። ጠጠሩ የወጣለትን ሰው በየስድስት ወሩ ምን ብለህ ትወስደዋለህ? አልወሰድኳትም።»

ከውጭ የጫማ አዳሹ መዶሻ ይሰማል።

«ለእኔ ለምን ነገሩኝ ጋሼ?»

«አምስት ቀን ስረግምህ ሰነበትኩ። ትናንት ዶክተሯ ‹ያ ሰውዬ ባይናገር ኖሮ እንጠብቅ ነበር› አለችኝ። አንተ ያን ያህል ተዋርደህ ተናገርክ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጬ ሰውን ሁሉ ‹እውነቱን ተናገር› ስለው የኖርኩ ነኝ። ትናንት ሁለት ጊዜ አልጋዋ ድረስ ሄጄ ስለ አየሩ ሁኔታ አውርቼ ተመለስኩ።» ቀና ብለው አዩት፤ እንደ ዳኛ አልነበረም። «አትናገርልኝ፤ እኔው እናገራለሁ። ብቻ አብረኸኝ ሂድና ከአጠገቤ ቁም።»

«እሷ እንዳላይህ ብላኛለች።»

«እኔንም ከዛሬ በኋላ ማየት ላትፈልግ ትችላለች።»

ጠጋኙ የአንገት ልብሱን ከሚስማሩ አወረደ። «እኔም ሁለት ወር ዝም ብያለሁ ጋሼ» አለ። በሩን ዘግተው ሁለቱም ወጡ፤ መንገድ ላይ አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር ሌላው ይጠብቀው ነበር።

መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ እጇ ላይ የጉሉኮስ መርፌ ተሰክቷል። ጠጋኙን ስታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ደግሞ ብለው ብለው አብረው መጡ?» አለች አክስቷ።

«ዶክተሯን ጥሪልኝ» አሏት ዳኛው። «ሂጂ እህቴ፤ አሁኑኑ።»

አክስቷ ስትወጣ ወረቀቱን አወጡ። ቆመው ነው የነገሯት፤ አንድም ቃል ሳያሳምሩ፣ ለጠጋኙ በነገሩት ቅደም ተከተል። ‹ማን ያገባታል› የምትለዋ ላይ ሲደርሱም አልቆሙም። ጠጋኙ እንደተባለው ከአጠገባቸው ቆሟል።

አላለቀሰችም። ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«አራት ዓመት ሙሉ» አለች በሳል በሻከረ ድምፅ፣ «በየጠዋቱ ውሃ እየቀዳህ ታመጣልኝ ነበር። ጠጠሩ እንዳይመለስ፣ ጨርሰሽ ጠጪ እያልክ። ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ቆመህ ትጠብቀኝ ነበር።»

«አዎ።»

«እያወቅህ።»

«እያወቅሁ ልጄ።»

ዶክተሯ ገባች። ወረቀቱን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ ቆማ አነበበችው፤ ዳኛውን ቀና ብላ አየቻቸው። ዞራ ለበሽተኛዋ ነው የተናገረችው።

«አሁን የምናክመው በሽታ ምን እንደሆነ ታውቋል። አስም አይደለም፤ የሳንባ ካንሰርም አይደለም። የኩላሊቱ ነው፤ የሚሰጠውም የሱ መድኃኒት ነው። ጨርሶ ይነቅለዋል አልልሽም። ያዘገየዋል፤ ብዙ ሰው ላይ ያዘገየዋል።»

«ምን ያህል ዕድሜ ይሰጠኛል?»

«ዛሬ አላውቅም። ሳውቅ ለአንቺው እነግርሻለሁ። ለሌላ ሰው አይደለም።»

ዶክተሯ ወጣች። አክስቷ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ዳኛው ጥግ ላይ ካለችው ወንበር ላይ እንደ ተከሳሽ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ወረቀቴን ጣልኸው?» አለች በመጨረሻ። ማንን እንደምትጠይቅ ለማወቅ ጠጋኙ አፍታ ፈጀበት።

«አልጣልኩትም።»

«ስጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር ቤት አይቀመጥም።»

ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። በአንድ እጇና በጥርሷ ቀደደችው። ቁርጥራጩን ጭኗ ላይ ይዛ ቀረች፤ የምትጥልበት አጣች። እጁን ዘረጋላት፤ መዳፉ ላይ አራገፈችው።

«ና አዳምጥ» አለችው።

ጠጋኙ ወደ ዳኛው አየ።

«ምን ታየዋለህ? ያልሰማ ሰው አለ እንዴ? የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ትናንት ‹ጆሮው ዛሬም አልመጣም?› ብሎ አክስቴን ጠይቋታል።»

ጀርባዋን ሰጠችው። የሆስፒታሉ ልብስ ከኋላ በክር ይታሰራል፤ መርፌ ያለበት እጇ አይደርስም። ጠጋኙ እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። አባቷ እያዩት ያን ክር ከሚፈታ፣ ያ ኮሪደር ላይ መቶ ጊዜ ቢቆም ይቀለው ነበር።

ዳኛው ተነሡ። ሊወጡ ነው ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን አልጋው ጋ መጡ፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ስተው በሦስተኛው ፈቱት። ጨርቁን ከቀኝ ትከሻዋ ዝቅ አድርገው ጫፉን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ጠጋኙ ጎንበስ አለ። እንደ ልማዱ ከግራ ጀመረ። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጣት ወረድ ብሎ።

«ተንፍሺ። በረጅሙ።»

ተነፈሰች። ደግማ ተነፈሰች።

«ምን ትሰማለህ?»

ጆሮውን እዚያው እንደለጠፈ ደግሞ አዳመጠ።

«ጠጠር እንዳትለኝ ብቻ» አለች።

«አለ» አላት። «ቀጭን ሆኗል፤ ግን አለ። አየሩ አጠገቡን አልፎ ይገባል። እስከ ታች ይገባል።»

ራሷን ነቀነቀች። ሰምቶ ጨርሷል፤ ጆሮውን ግን አላነሳም፤ እሷም አንሳ አላለችውም።

«ጆሮህ እሳት ሆኗል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አፍሬ ነው።»

«እኔም።»

የጨርቁን ጫፍ የያዘው የዳኛው እጅ ከበላያቸው ይንቀጠቀጣል። እጃቸው እንደደከመ ሁለቱም ያውቃሉ። ይልቀቁት ያላቸው ግን አልነበረም፤ እሳቸውም አልለቀቁም።